የዳማ ደብተር

«ዝም በሉ!» አሉ ጋሽ ወንዳወቅ፤ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም።

ከጋራዡ ግቢ የማንጎ ዛፍ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ አንድ ከባድ ብረት በገመድ ተንጠልጥሏል። ርዝመቱ ክንድ ተኩል ገደማ ነው፤ እዚህም እዚያም ታጥፎ ተቆልምሟል። ክራንክ ሻፍት ይሉታል። የሞተሩ ፒስተኖች ሽቅብ ቁልቁል ሲዘሉ ዝላያቸውን ተቀብሎ ወደ ሽክርክሪት የሚለውጠው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ትራክተር ማለት ዶሮ የሚያድርበት ቆጥ ነው።

ጋሽ ወንዳወቅ ትንሿን መዶሻ አንስተው ብረቱን ጠርዙ ላይ ነካ አደረጉት። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ።

«ተመስገን!» አሉ የፀደንያ አባት አቶ እንዳለው። «ደወል አይደል እንዴ የሚመስለው! እንግዲያስ አልተሰነጠቀም ማለት ነው?»

«ጆሮ ይሸነገላል» አሉ ጋሽ ወንዳወቅ። በፍኖተ ሰላም አርባ ዓመት ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በቶሎ ተመስገን አይሉም። «ቆይ እስቲ።»

ፀደንያ አባቷ አጠገብ ቆማለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ከጠዋት ፈረቃ ወጥታ በቀጥታ ስለመጣች ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። ዐይኗ ብረቱ ላይ ነው፤ ልቧ ግን እዚያ ማዶ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ከሚያየው ሰው ዘንድ ነው። ደረሰ ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የትራክተሩ ሹፌር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስካሁን ሦስት ቀልድ ቀልዶ ሁለቱን በፀደንያ ላይ ባደረገው ነበር። ዛሬ ግን ሰላም ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣውም።

ትራክተሩን ስድስት ጎረቤታሞች በጋራ ገዝተውታል። ቀይ ስለሆነ መንደሩ እንደ በሬ ስም አውጥቶ ዳማ ይለዋል፤ ዕድሜው የፀደንያን እጥፍ ይሆናል። የሚያድረው እነሱ ግቢ ነው። ባለፈው ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ ሲያመላልስ ዋለ። ሦስተኛው ጭነት ላይ፣ ዳገቱ መሀል ሲደርስ፣ ቋ ቋ ቋ ብሎ ቆመ። እሱ እንደቆመ ወሬው ተነሣ። በበዓል ቀን ትራክተር አስነሥቶ! ማርያም ዝም ትበል? በእርግጥ «የቤቷ ሥራ ነው፣ አትከፋም» ብለው ያዘዙት መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ራሳቸው መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ግን መሪጌታን መውቀስ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ወቀሳው ሁሉ ቁልቁል ተንከባልሎ ደረሰ ላይ አረፈ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስቱ ባለቤቶች ተሰብስበው የዳማ ቁልፍ በእሱ እጅ ይቆይ አይቆይ የሚለውን ይወስናሉ።

ጋሽ ወንዳወቅ ብረቱን በገመዱ ላይ አዞሩና አንዱን ክብ አንገት አሳዩ። ሌሎቹ አንገቶች እንደ መስታወት ያበራሉ፤ ይኼኛው ሰማያዊ ሆኖ ዙሪያውን ተቧጭሯል።

«ይኼ ተቃጥሏል። ዘይት ጠምቶታል» አሉ። «ዘይቱ ጎድሎ ጭነት ጭኖ ዳገት ሲወጣ፣ ፓምፑ የሚስበው ያጣና አየር ይውጣል። ያን ጊዜ ብረት በብረት ይፋጫል። ዘይት የሚያየው ማን ነው?»

«ልጀ ናት!» አሉ አቶ እንዳለው፤ ከጋቢያቸው ሥር ጠርዙ የተላጠ ደብተር አወጡ። «የዘይት ግፊት የሚያሳየው ሰዓት ከሞተ ዘመን ሆኖታል። ለዚያ ብየ ነው ይኼን ያስጀመርኋት። ጠዋት ጠዋት መለኪያ ዘንጉን አውጥታ አይታ ምልክት ሳታደርግ ዳማ ከግቢ ንቅንቅ አይል። ይኸው፤ ሃያ፣ ራይት። ሃያ አንድ፣ ራይት። አንድ ቀን የዘለለችው የለም።»

ጋሽ ወንዳወቅ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ደብተሩን አዩ። ከዚያ ብረቱን አዩ። ከዚያ ለአንድ አፍታ ፀደንያን አዩ፤ ወይም እሷ እንዲያ መሰላት።

«ደብተሩና ብረቱ አልተስማሙም» አሉ ዝግ ብለው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።»

«የዘይት ነገር አይደለም፣ ጋሸ» አለ ደረሰ ከተቀመጠበት፤ ቀና እንኳ አላለም። «የቀኑ ነገር ነው።»

ፀደንያ ዐይኗን ከደብተሩ አሸሸች።

ሰኞ ጠዋት፣ ሚያዝያ ሃያ፣ ዘንጉን አውጥታ ነበር። እውነት ነው። ጠረገችው፣ መለሰችው፣ ደግማ አወጣችው። ዘይቱ የታችኛውን መስመር ለጥቂት ነክቷል። ዳማ ሲያረጅ ዘይት መጠጣት ለምዷል፤ መሙላት ነበረባት። የዘይቱ ጀሪካን ግን ከጎተራው ኋላ፣ ከጭዱ ሥር ነው፤ ጭዱን ማንሣት አለ፤ ልብስ መቀየር አለ፤ ረቡዕ ደግሞ የፊዚክስ ፈተና አለ። ዛሬ ሜዳ ነው የሚያርሰው፣ ነገ ማርያም ነው፣ አይወጣም፤ ረቡዕ ጠዋት እሞላዋለሁ አለች ለራሷ። እስክሪብቶውም በእጇ ስለነበር የማክሰኞን ሳጥን ጨምራ ራይት አደረገችው። አባቷ ባዶ ሳጥን አይወዱም። የሚካኤልን፣ የማርያምን፣ የበዓለ ወልድን ሳጥን ቀድማ መሙላት ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። ዳማ በበዓል ቀን ቆሞ ነው የሚውለው፤ የቆመ ትራክተር ዘይቱ ታየ አልታየ ማን ይጎዳል?

ማክሰኞ እሷና አባቷ ጅጋ ዘመድ ቤት ለማርያም ዝክር ሄዱ። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ሰው ሲልኩ እናቷ ቁልፉን ከግድግዳው አውርደው ለደረሰ ሰጡት። ደብተሩም እዚያው ከቁልፉ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር።

«ጠመኔ የሚገኝበት ቦታ ይኖር ይሆን?» አሉ ጋሽ ወንዳወቅ።

ፀደንያ ብንን አለች። የክፍል አለቃ ስለሆነች ቦርሳዋ ውስጥ ጠመኔ አይጠፋም። ሁለት ስባሪ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ሰውየው የተቃጠለውን አንገት በነጭ ጋዝ በደንብ አራሱት። ትንሽ ቆይተው እስኪደርቅ ድረስ በጨርቅ ወለወሉት። ከዚያ ጠመኔውን በቢላዋ ፍቀው ዱቄቱን እፍ እያሉ ነሰነሱበት፤ ብረቱ እንደ ቂጣ ሊጥ ነጭ ሆነ። በመዶሻው ጀርባ ቀስ አድርገው ሁለት ጊዜ መቱት።

«አሁን ጠብቁ» አሉ።

ምንም አልነበረም። ነጭ ዱቄት ብቻ። አቶ እንዳለው ፈገግ ማለት ጀመሩ። ከዚያ ከነጩ መሀል አንዲት ግራጫ ነጥብ ብቅ አለች። ነጥቧ ተዘረጋች። ውስጥ ተደብቆ የቀረው ጋዝ በስንጥቁ እየሸሸ ሲወጣ ዱቄቱን እያራሰ ከአንገቱ ወደ ትከሻው የሚሄድ፣ ከፀጉር የቀጠነ መስመር ሠራ። መስመሩ ቀስ እያለ ሲረዝም ፀደንያ ዐይኗን ማንሣት አልቻለችም።

«ይኸው» አሉ ጋሽ ወንዳወቅ። «ድምፁ ምን ቢያምር ስንጥቁ ሲወጣ ይወጣል። ይኼን ሞርጀ ብመልሰው በሁለት ሳምንት ለሁለት ተሰብሮ ሞተሩን ይበሳዋል። መቀየር ነው ያለበት። ቡሬ አንድ የሞተ ትራክተር አውቃለሁ፤ ከዳማ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሞተው በሌላ በሽታ ነው፣ ኮሎው ደኅና መሆን አለበት።» ሜካኒኮች ክራንክ ሻፍትን ኮሎ ይሉታል። «ተነሥ እንዳለው፣ ሚኒባስ ሳያመልጠን።»

አባቷ ደብተሩን ለፀደንያ ሰጧት። «ዕቃውን ጠብቁ» አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደብተሩን እሁድ ለሰዎቹ አሳያለሁ። ቢያንስ ከእኛ ቤት ጉድለት እንደሌለ ይወቁት» አሉ። ጭንቅላቷን ዳበስ አድርገዋት ሄዱ። የዳበሷት ቦታ ለረጅም ጊዜ ከበዳት።

ፀደንያና ደረሰ ከተፈታው ሞተር ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

«ፈተና እንዴት ነበር?» አለ ደረሰ።

«ደኅና።»

«ደኅና ማለት ስንት ነው? እኔ በጊዜየ ደኅና ስል አሥር ከሠላሳ ነበር።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። ደረሰ እጁን ኪሱ ከትቶ የዳማን ቁልፍ አወጣ። በቀይ ጨርቅ የተቋጠረ ነው፤ ጨርቁን የቋጠረችው ፀደንያ ናት፣ መሪውን እንዴት እንደሚይዙ ያስተማራት ቀን።

«ይኼን ለአባትሽ ስጭልኝ። እኔ ስሰጣቸው ዐይናቸውን ማየት አልችልም።»

«እሁድ ገና አልተወሰነም እኮ፣ አያ ደረሰ።»

«እኔ ወስኛለሁ። መሪጌታ ና ስላሉኝ እሁድ እመጣለሁ፤ ሰኞ ግን ወደ ቆላ ወርጀ ሰሊጥ እርሻ ላይ እቀጠራለሁ። መሪ ግን አልይዝም። ለማርያም ተስያለሁ።»

ፀደንያ ቁልፉን ተቀበለች።

«ታውቂያለሽ» አለ ደረሰ፤ የጎማውን ጠርዝ በጥፍሩ እየፋቀ፤ «ሰው የሚለውን ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ሰው ይላል፣ ይተዋል። ግን እኔም ሳስበው ሌላ ነገር አጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ደብተሩን አየሁ። ያንች ራይት አለች፤ ሃያ አንድ ላይ። አንች ደግሞ አትሳሳችም። እንግዲያ ዘይት ካልሆነ፣ ድንጋዩም ከልክ ካልበዛ፣ ምን ቀረ? ቀኑ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ገብቸ አልተሳለምሁም። ከበሩ ውጭ ነው የምቆም። እግሬ እንቢ ይለኛል።»

አሁን፣ አለች ፀደንያ በልቧ። አሁን ንገሪው። ቃሉ አጭር ነው። አፏን ከፈተች፤ አባቷ ጭንቅላቷን የዳበሷት ቦታ ላይ እጃቸው አሁንም ያለ መሰላት። ፈራች፤ አፈረችም። ከሁለቱ የቱ እንደበለጠ አላወቀችም።

«አያ ደረሰ…»

«እ?»

«ምሳ በልተሃል?»

«ኧረ አልበላሁም» አለ ደረሰ፤ ፈገግ ሊል እየሞከረ። እሷም ለሁለት የሚሆን ሳምቡሳ ልትገዛ ሮጠች፤ መንገድ ላይ እንባዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች። ፈሪ፣ አለች ራሷን። ስትመለስ በጋሽ ወንዳወቅ ጎረቤት የሚሠሩ ልጆች ከደረሰ ጋር ወሬ ይዘው ነበር፤ ቃሉም ጊዜውን አጥቶ ቀረ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የቡሬው ክራንክ ሻፍት በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። ጋሽ ወንዳወቅ ማንጎው ላይ ሰቀሉት። በመዶሻው ነካ አደረጉት፤ ድምፁ ጠራ። በጋዝ አራሱት፣ ወለወሉት፣ የፀደንያን ጠመኔ ነሰነሱበት። ሁሉም ከበው ጠበቁ። ዱቄቱ ነጭ እንደሆነ ቆየ፤ ቆየ፤ ምንም አልወጣበትም።

«አሁን ተመስገን በሉ» አሉ ጋሽ ወንዳወቅ። «ሰኞ እገጥመዋለሁ። ግን ስሙኝ፣ እንዳለው፤ ደግሞ ዘይት ከጠማው ይኼም እንደዚያኛው ነው። ብረት ራይት አይጠጣም።»

ፀደንያ ቁልፉን ለአባቷ አልሰጠችም። ቅዳሜም አልሰጠችም። ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለው ደብተር አጠገብ በተመላለሰች ቁጥር ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ ትነካዋለች። እናቷ «ምን ሆነሻል፣ ወባ ይዞሽ እንዳይሆን» እያሉ ግንባሯን ደጋግመው ነኩ። ትኩሳት አልነበራትም።

እሁድ ቅዳሴ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዋንዛው ሥር ስድስቱ ባለቤቶች ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው ያ ለአጥሩ የመጣው ድንጋይ፣ ሁለት ጭነቱ፣ ተከምሯል። መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው መሀል ላይ ሆኑ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊታቸው የጠቆረ መስሎ ታየ። ደረሰ ጫማውን እንዳደረገ፣ ከሁሉም ፈንጠር ብሎ ቆሟል።

መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ተስፋው ነበሩ። «እኛ ልጁን ጠልተን አይደለም» አሉ። «ግን ገና ሰኔ ሳይገባ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፣ ዘር ላይ ምን ይመጣል? ማርያም የተቆጣችበት እጅ መሪ ባይነካ ነው የሚሻለው።»

ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያዘዝሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቁጣ ካለ በእኔ ነው መጀመር ያለበት። ሌሊት ሌሊት ለምን እንደ ተቆጣች እጠይቃታለሁ፤ አልገባኝም።»

«የሰው ጥፋት እንዳልሆነማ ማስረጃ አለን» አሉ አቶ እንዳለው። ደብተሩን አወጡ። መነጽር ስለሌላቸው ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩትና ሴቶቹ ወደ ቆሙበት ዞር አሉ። «ፀደንያ! ነይማ። የራስሽን ጽሑፍ ራስሽ አንብቢልን።»

በሰዎቹ መሀል አልፋ ሄደች። አባቷ ደብተሩን ሲሰጧት ፊታቸው ኩራት ሞልቶታል፤ ያ ነው ከሁሉም የከበዳት። ገጹን ከፈተች። ሳጥኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ራይቶቹ ያምራሉ፤ ከመሀላቸው አንድም ባዶ የለም።

«ሚያዝያ ሃያ፣ ሰኞ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎላ። «ውሃ፣ ታይቷል። ዘይት፣ ታይቷል።»

የሰኞው መስመር እዚያ ላይ ያበቃል። እሷ ግን አላበቃችም።

«ዘይቱ ጎድሎ ነበር። አልሞላሁትም።»

አቶ እንዳለው ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ሚያዝያ ሃያ አንድ፣ ማክሰኞ፣ ማርያም» አለች ፀደንያ። ሰማያዊዋን ራይት አየቻት። «ዘይት፣ አልታየም።»

«ራይት አለበት እኮ ልጀ! በዐይኔ አይቸዋለሁ!»

«ራይቱን ያደረግሁት ሰኞ ጠዋት ነው፣ አባየ፤ ቀኑ ሳይደርስ። ዳማ በበዓል አይወጣም ብየ።» ወደ ደረሰ ዞር አለች። «አያ ደረሰ ከመውጣቱ በፊት ደብተሩን አይቷል። እኔን አምኖ ነው የወጣው።»

አቶ ተስፋው ወደ መሬት አቀረቀሩ። መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ግንባራቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ትከሻቸው ሲወርድ ታየ። አባቷ ያዩዋታል። በፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት የት እንደገባ አላየችም፤ የተተካውንም ማንበብ አልቻለችም። ያማል። ዐይኗን ግን አልሰበረችም።

ከኪሷ በቀይ ጨርቅ የተቋጠረውን ቁልፍ አወጣች። ደረሰ ወደ ቆመበት ሄዳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ጣቶቹ አልተጨበጡም፤ ለረጅም ጊዜ ቁልፉን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«ዓርብ ልነግርህ ነበር» አለች። «ሳምቡሳ ገዛሁልህ።»

ደረሰ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፤ አንዱን አወለቀ፣ ሌላውን አወለቀ፤ በባዶ እግሩ በድንጋዩ ክምር አጠገብ አልፎ በበሩ ገባ።

ፀደንያ ጫማዎቹን ትንሽ ከመንገዱ ገለል አደረገቻቸው። ከዚያ ደብተሩን ሳትዘጋው ተመልሳ አባቷ ፊት ቆመች።